ባሕርን በዘይት ቀለም፦ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ፊርማው (የአሽዶድ ዳርቻ፣ 60 በ80)

ሰማያዊት_አሽዶድ · እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሰሞን ስለ ዘይት ቀለም ስንጫወት ሦስት አራት ሰው «ባሕር ስስል ገመድ ላይ የተሰጣ ሰማያዊ አንሶላ ይመስልብኛል፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። በአንድ አንቀጽ የሚመለስ ስላልሆነ ዝም አልኩ። አሁን አዲስ ሸራ ወጥሬአለሁ። ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ፊርማው ያለውን፣ የማበላሸውንም ጭምር፣ እዚሁ እጽፋለሁ። ስህተት ስታዩ ንገሩኝ።

የተወለድኩት ጎንደር ገጠር ነው። ባሕርን የማውቀው አያቴ ከኦሪት በሚነግሩን ታሪክ ነበር፤ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ የቆመ ውሃ። የእውነቱን ያየሁት በ14 ዓመቴ ነው። ዛሬ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ከዳርቻው የ15 ደቂቃ መንገድ ላይ እኖራለሁ። የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ ከሰዓት በኋላው የራሴ ነው።

የምለው ዋና ነገር አንድ ነው። ሁላችንም ባሕርን ከአረፋው እንጀምራለን። ነጩ ዓይን ስለሚስብ ቀድመን እንቀባውና ዙሪያውን በሰማያዊ እንሞላለን። አንሶላው የሚመጣው ከዚህ ነው። አረፋ ልብስ ነው፣ ገላው ሞገዱ ነው። ገላው ሳይቆም ልብሱን ማልበስ አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ነጭ አረፋ የምቀባው በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው።

ከቀለም በፊት አራት ከሰዓት በኋላ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የማየው ሞገዱ የት እንደሚናድ ነው። ሞገድ የሚናደው በዘፈቀደ አይደለም፤ የውሃው ጥልቀት የሞገዱን ቁመት 1.3 እጥፍ ያህል ሲሆን ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ 1.3 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ እግሩ ይያዝና አናቱ ወደ ፊት ይወድቃል። የእኛ ዳርቻ ከውሃው ሥር ከዳርቻው ጋር ትይዩ የተጋደመ የአሸዋ ጉብታ አለው። ሞገዱ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይናዳል፣ ከጉብታው ወዲህ ያለው ጠለቅ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ዳር ሲደርስ እንደገና ይናዳል። ስለዚህ ሁለት ነጭ መስመሮችና በመካከላቸው ጸጥ ያለ ጠቆር ያለ ውሃ አለኝ። ይህን ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ነው። የሥዕሌ አጥንት እሱ ሆነ።

ከዚያ የክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ 12 ትንንሽ ንድፎች ሠራሁ። አድማሱን መሐል ላይ ያደረግሁባቸው ሁሉ ሞተው ቀሩ፤ ሰማይና ውሃ እኩል ሲካፈሉ ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም። የመረጥኩት አድማሱ ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ያለበትን ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላይ ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

አድማስ ሁልጊዜ በዓይናችሁ ልክ ነው፤ ስትቆሙ አብሮ ይነሣል፣ ስትቀመጡ ይወርዳል። ጫፉ ከዓይናችሁ ከፍ የሚል ሞገድ አድማሱን ይቆርጠዋል። ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ ከአድማሱ ሥር ይቀራል። «ሞገዴ ትልቅ አይመስልም» የምትሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆማችሁ ስላያችሁት ነው። እኔ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ የፊተኛው ሞገድ አድማሱን በግልጽ አለፈው።

ሌላ ነገር፦ ዓይኑ ከውሃው 1.6 ሜትር ከፍ ብሎ ለቆመ ሰው አድማሱ 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ወደቡን የሚጠብቁ መርከቦች ከዚያ አልፈው መልሕቅ ሲጥሉ የታችኛው አካላቸው ይሰወራል። እንደ መጫወቻ አድማሱ ላይ አስቀምጣችሁ አትሳሏቸው፣ ትንሽ አስጥሟቸው።

ነገ ሸራውን አሞቃለሁ።

ጣና_ዳር · ሰኞ ጠዋት

እኅቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ የምስለው ጣናን ነው። የእኛ ሞገድ እንዳንቺው አይደለም። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አጫጭርና የተጣደፉ ሞገዶች ይመጣሉ። ነፋሱ የሚገፋው ርቀት አጭር ስለሆነ ረጅም ግልብጥ የሚል ሞገድ አይሠራም። ይህን ሳላውቅ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን የውቅያኖስ ሞገድ ጣና ላይ ስዬ፣ ታንኳ ቀዛፊ ጎረቤቴ «ይሄ የማን አገር ውሃ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነበር።

ጥያቄዬ ስለ ዕቃ ነው። የምወጥረው አቡጀዲ ነው፣ የማቀጥነው በአኳራጅ ነው። ዘይቱን ግን ገበያ ላይ የሚጨመቀውን የተልባ ዘይት ብጠቀም ይሆናል ወይ?

ሰማያዊት_አሽዶድ · ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ የዘይቱን ነገር ለጋሼ ነጩ ብሩሽ እተዋለሁ፤ ከእኔ ያውቁታል። ጎረቤትህን ግን አደንቃለሁ።

ዛሬ የሠራሁት፦ በርንት ሲየና የሚባለውን ቀይ ቡናማ ቀለም በተርፐንታይን (በእናንተ አኳራጅ) አቅጥኜ ነጩን ሸራ በሙሉ ቀባሁት፤ ከዚያ በጨርቅ ጠረግሁት። የቀረው ቀለም የደረቀ የሸክላ አፈር ይመስላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። በነጭ ሸራ ላይ ሁሉም ቀለም ጨለማ ስለሚመስል እጃችን ሳያውቅ ያነጣዋል። ሁለተኛ፣ በኋላ በሰማያዊውና በአረንጓዴው ብሩሽ ምት መካከል ይህ ሞቅ ያለ ቀለም ብቅ ይላል፤ ውሃው ያኔ ይተነፍሳል።

ንድፉን በከሰል አልሠራሁም። ከሰል ከቀለሙ ጋር ሲላቆጥ ሰማዩን ያቆሽሸዋል። ቀጭን ብሩሽና የቀጠነ አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም) ይበቃል፤ ያልወደድኩትን በጨርቅ አጠፋለሁ። አድማሱን ግን በእጅ አላምንም። በግራም በቀኝም ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር ለክቼ ነጥብ አደረግሁ፣ በማስመሪያ አገናኘሁ። ባሕር ዘንበል ካለ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ይታያል።

ነጩ_ብሩሽ · ማክሰኞ

ልጄ ሰማያዊት፣ አያያዝሽ ደስ ይላል። ለባሕር ዳሩ ልጅ ልመልስ።

የተልባ ዘይት የሚደርቀው ውሃ እንደሚተን ተንኖ አይደለም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠጥራል። የሠዓሊ ዘይት የተጣራ ነው። ያልተጣራው ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር መድረቁን ያዘገየዋል፣ ሲያረጅም ያጠቁረዋል። ለመለማመጃ ከሆነ ግድ የለም፣ ለሚቆይ ሥራ አትጠቀምበት። በብርድ የሚረጋውን የምግብ ዘይት ደግሞ በጭራሽ፤ እሱ ዕድሜ ልኩን አይደርቅም። አንድ ተማሪዬ በዚያ የሠራው ሥዕል ዓመት ቆይቶ እጅ ያቆሽሽ ነበር።

አቡጀዲው ደግሞ ራቁቱን ዘይት መንካት የለበትም፣ ዘይቱ ክሩን ያበሰብሰዋል። መጀመሪያ በኮላ ድፈነው፣ ከዚያ ሁለት ሦስት እጅ ጄሶ ወይም ነጭ የአክሪሊክ መደብ ቀባው፣ በየመሐሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸው።

አሁን ወደ ሰማያዊት። አያትሽ የነገሩሽ ባሕር እኛም ዘንድ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ። ፈርዖን ከነፈረሰኛው ሲሰጥም፣ ውሃው በተደራረበ መስመር ይሠራል፣ አድማስ የለውም። ሠዓሊው ውሃውን ከአንድ ቦታ ቆሞ አያየውም፤ ታሪኩን ነው የሚያየው። ወጣት ሳለሁ ያንን እንደ ድክመት እቆጥረው ነበር። አሁን አልቆጥረውም። መስመር ብቻውን ውሃ መሆን እንደሚችል ያሳየኝ እሱ ነው። አንቺም ከቀለም በፊት ሞገዱን በመስመር ብቻ ማቆም መቻልሽን ፈትኚ።

ሰማያዊት_አሽዶድ · ቅዳሜ ማታ

እሺ ጋሼ፣ ሞከርኩት። ገጽ ሙሉ መስመር ብቻ። የሞገዱ ፊት ላይ መስመሮቹ ወደ ላይ ይሳባሉ፤ ውሃው ከእግሩ ወደ አናቱ እየተሳበ ስለሆነ። ሞገዱ አልፎት በሄደ ውሃ ላይ ግን ይጋደማሉ። ይህን ልዩነት ቀለሙ ውስጥ ብቻ ብፈልገው አላገኘውም ነበር።

የዚህ ሳምንት ሥራ የመጀመሪያው ሽፋን ነው። ፓሌቴ (ቀለም የማደባልቅበት ሰሌዳ) ላይ ያሉት፦ ቲታኒየም ነጭ፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና፣ ኡልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ)፣ ቪሪዲያን (ቀዝቃዛ አረንጓዴ)፣ ትንሽ አሊዛሪን (ጥልቅ ቀይ)፣ በጣም ትንሽ ሎሚ ቢጫ። ጥቁር የለም፤ ኡልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲደባለቁ ከጥቁር የተሻለ ጨለማ ይሰጣሉ፣ ወደ ሙቀትም ወደ ቅዝቃዜም ማዘንበል ይቻላል።

ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ያየሁትን በአምስት የብርሃን ደረጃ ብቻ ከፈልኩት። ሰማዩ ብሩህ፣ ሩቁ ውሃ ከሰማዩ አንድ ደረጃ የጠቆረ፣ የሞገዱ ፊት ከሁሉም ጨለማ፣ እርጥቡ አሸዋ መካከለኛ፣ ደረቁ አሸዋ ብሩህ። ስልኬን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ ሥዕሉን ፎቶ አነሣሁት፤ ደረጃዎቹ ካልተለያዩ እዚያ ላይ ይጋለጣሉ። የኔ ሩቁ ውሃና ሰማዩ ተዋህደው ነበር፣ አስተካከልኩ።

ከሰማዩ የጀመርኩት በምክንያት ነው። ሩቁን ውሃ የምናየው በጣም በተጋደመ አቅጣጫ ስለሆነ እንደ መስታወት ሰማዩን ይመልሳል። ወደ እግራችን ስንቀርብ ወደ ታች ስለምናይ ውስጡ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው አሸዋም። ስለዚህ የውሃው ቀለም አንድ አይደለም። አድማሱ ጋ ግራጫ ሰማያዊ፣ መሐል ላይ አረንጓዴ፣ ዳር ላይ አሸዋ የተበጠበጠበት ቡናማ ቢጫ ነው። ሰማያዊ ቱቦ ከፍቶ ከዳር እስከ ዳር መቀባት ያንን አንሶላ ያመጣል።

የሰዓቱንም ነገር ልንገራችሁ። ዳርቻችን ወደ ምዕራብ የሚያይ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባዬ ስለሆነች የሞገዱን ፊት በቀጥታ ታበራዋለች፤ ጠፍጣፋ ይሆናል። ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ግን ከሞገዱ በስተ ኋላ ናት። አናቱ ጋ ውሃው ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ዘልቆ ያልፋል፤ ከመናዱ በፊት ለአንድ አፍታ አረንጓዴ መስኮት ይከፈታል። የምስለው ያንን መስኮት ነው።

ይህ ሽፋን በተርፐንታይን የቀጠነ ነው፣ ዘይት አልጨመርኩበትም። «ከስስ ወደ ቅባታም» የሚባለውን አትርሱ፤ ከሥር ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ዘይቱ የበዛ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሥር ወፍራም ዘይታም ሰማይ ቀብቼ ከላይ በቀጠነ ቀለም ደመና ደረብኩ። የላዩ ቶሎ ደረቀ፣ የታችኛው ገና ይንቀሳቀስ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ደመናው ተሰነጣጠቀ። ያንን ሥዕል ለእናቴ ነበር የሠራሁት፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቦስተን_ክረምት · እሑድ

የአሸዋው ቀለም እንዴት ነው? ፎቶሽ ላይ ወርቃማ ይመስላል። እኔ የማየው የአትላንቲክ ዳር ግራጫ ድንጋይ ነው።

ሰማያዊት_አሽዶድ · እሑድ

የሎው ኦከርና ነጭ፣ ጥላው ላይ ትንሽ አሊዛሪን። እርጥቡ ላይ የሰማዩን ቀለም ከላይ ወደ ታች ትጎትተዋለህ፣ ከዚያ ብሩሹን አንዴ በአግድም በስሱ ታሳልፋለህ። እርጥብ አሸዋ መስታወት ነው።

ይህ አሸዋ ከየት እንደመጣ ሳውቅ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብዬ ነበር። አብዛኛው ዓባይ በግብፅ በኩል ወደ ባሕር ያወጣው ነው። ሞገዱና የዳርቻው ወራጅ ውሃ ወደ ሰሜን እየገፋ እዚህ አደረሰው።

ጣና_ዳር · እሑድ ማታ

ይሄማ ከእኛ ጋ ነው የሄደው ማለት ነዋ! ግን በትክክል እንናገር፤ ጣና ደለሉን አብዛኛውን እዚሁ ያስቀራል። ዓባይ አፈር የሚጭነው ከሐይቁ ከወጣ በኋላ፣ በሸለቆው ውስጥና ከደጋው በሚቀላቀሉት ገባሮች ነው። የዓባይ ደለል አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በክረምት ውሃውን ብታይው ጠላ ይመስላል። አስዋን ግድብ ከቆመ ወዲህ ብዙው እዚያ ይቀራል፤ እግርሽ ሥር ያለው እንግዲህ ከዚያ በፊት ያለፈው ነው።

ሥዕሉ ላይ አሸዋውን በደንብ ሥሪው እባክሽ።

ሻርጃ_ሌሊት · ማክሰኞ ሌሊት

ሰላም እኅቶቼና ወንድሞቼ። እኔ ሻርጃ ነው የምሠራው፤ ለአራት በምንጋራው ክፍል ነው የምኖረው። ሳነብባችሁ ከረምኩ። ዘይት ቀለም ሞክሬ የአኳራጁ ሽታ አብረውኝ ያሉትን አስቸገረ፣ እኔንም ራስ ምታት ለቀቀብኝ። ሌላ መንገድ አለ? ወይስ ልተወው? የእኛ ባሕር ጥልቀት የለውም፣ ዳሩ ቀለል ያለ ወተት የገባበት አረንጓዴ ነው፣ አድማሱ በአቧራና በእርጥበት ጠፍቶ ይውላል። መሳሉን በጣም እፈልጋለሁ።

ነጩ_ብሩሽ · ረቡዕ

ልጄ፣ አትተዪው። የሚሸተው ማቅጠኛው ነው፤ ቀለሙ ያን ያህል አይሸትም። ያለ ማቅጠኛ መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያውን ሽፋን ከቱቦው እንደወጣ፣ በደረቅ ብሩሽ እያሸሽ በስሱ ዘርጊው። ብሩሽሽን በሥራ መካከል በጨርቅ ጥረጊው፣ ማታ በምግብ ዘይት አሽተሽ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቢው። በውሃ የሚቀጥን የዘይት ቀለምም ይሸጣል፤ ለእንዲህ ያለ ክፍል እሱ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ፣ ለሁላችሁም ነው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ ወይም ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። አራት ሰው በሚተኛበት ክፍል ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አድማስሽ የጠፋ ስለሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ሰማዩና ውሃው ገና እርጥብ ሳሉ፣ በሚገናኙበት ላይ ንጹሕና ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አንድ ጊዜ በአግድም አሳልፊ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሰማያዊት_አሽዶድ · ከሁለት ሳምንት በኋላ

ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ጠፋሁ። ሁለተኛው ሽፋን አልቋል፣ ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ። ቀለሙ ከቱቦው እንደወጣ ነው፣ ማቅጠኛ የለውም። ግራ በኩል መረብ የሚጥሉ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ጨምሬአለሁ።

በአረንጓዴው መስኮት ላይ ሦስት ቀን ፈጀሁ። መጀመሪያ እንዲበራ ነጭ ጨመርኩበት፤ የጥርስ ሳሙና ሆነ። ነጭ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ብርሃን አያሳልፍም። ጠርጌ ቪሪዲያንን በሎሚ ቢጫ ብቻ አደረግሁት፣ ነጩን በብሩሽ ጫፍ ነካ ብቻ። ከዚያ እሱን ትቼ ዙሪያውን አጨለምኩ። ከሥሩ ያለው ውሃ ሲጠቁር መስኮቱ ራሱ በራ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ትክክል አልመጣልኝም፤ ምን እንደሆነ አላየሁትም።

ነጩ_ብሩሽ · በማግስቱ

ሦስቱ ሞገዶችሽ እኩል ተራርቀዋል፤ ደረጃ ይመስላሉ። ሰው ሊወጣባቸው ይችላል። ሩቆቹን ወደ አድማሱ አቀራርቢያቸው፣ መሐለኛውን ከግማሹ ላይ ቁረጪው። ሞገድ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሆኖ አይመጣም፤ አንዱ ጫፍ ሲናድ ሌላው ገና እየተነሣ ነው።

ሌላም። የፊተኛውን ሞገድ ዳር ላይ ሆነሽ እየተመለከትሽ ሠርተሽዋል፣ ስለዚህ አምስት የተለያዩ ሞገዶች ተሰፍተውበታል። ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ስማር የባሕር ሠዓሊውን የአይቫዞቭስኪን «ዘጠነኛው ሞገድ» ደጋግሜ ሄጄ አየሁት። 1850 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ከሦስት ሜትር በላይ ስፋት ያለው ነው። ያ ሰው ክሪሚያ ውስጥ ፌዶሲያ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሆኖም ባሕሩን የሚስለው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ከትዝታው ነበር። ባሕር ቆሞ አይጠብቅሽም። አንድ ሞገድ ምረጪ፣ እስኪናድ እይው፣ ጀርባሽን አዙሪና በደብተር ላይ ሣይው። ሃያ ጊዜ አድርጊው። ከዚያ ቤትሽ ግቢና ሳታዪ ሥሪ።

ሰማያዊት_አሽዶድ · በዚያው ማታ

ስለ ሞገዶቹ መራራቅ እውነትዎን ነው፣ አሁን ካየሁት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ስለ ትዝታው ግን ልከራከርዎት። ከትዝታ የምሠራው ሁልጊዜ ወደማውቀው ቅርጽ ይወስደኛል፤ እጄ ያለፈውን ሞገድ ይደግማል። ዳር ላይ ስሆን ያልጠበቅሁት ይመጣል።

ነጩ_ብሩሽ · በዚያው ማታ

ያልጠበቅሽውን በደብተር ያዢው። ሸራው ላይ ግን የሚያስፈልገው አንድ ሰውነት ነው። ሁለቱንም አድርጊ።

ቦስተን_ክረምት · ሐሙስ

ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ልናገር? ዓይኔ በቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ መስኮቱን ሳላየው አልፋለሁ።

ይህን የምለው ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የዊንስሎ ሆመርን አንድ ሥዕል ስላየሁ ነው፤ የሰሜን ምሥራቅ ማዕበል፣ 1895 እ.ኤ.አ.። ሆመር ከ1883 ጀምሮ ሜይን ውስጥ ፕራውትስ ኔክ በሚባል የድንጋይ ዳርቻ የኖረ ነው። በመጀመሪያ ያ ሥዕል ቋጥኙ ላይ ያጎነበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩበት። ሥዕሉ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ነው ሁለቱን አጥፍቶ ውሃውን ያጠነከረው። አሁን ስታየው ማዕበሉ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው፤ በመካከል የሚቀበልልሽ ሰው የለም።

ሰማያዊት_አሽዶድ · ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ እነዚያን ሰዎች ወድጃቸው ነበር። ግን ልክ ነህ። ነገ ይወጣሉ።

ነጩ_ብሩሽ · ሐሙስ ማታ

ከመሸፈንሽ በፊት በስፓቱላ ፍቂያቸው። የዘይት ቀለም ሲያረጅ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል፤ ዛሬ የሸፈንሽው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ከውሃው ሥር ብቅ ይላል።

ሰማያዊት_አሽዶድ · ከዐሥር ቀን በኋላ

ፋቅኋቸው። መሐለኛውን ሞገድም ፋቅሁት፤ ግማሹ ብቻ እንዲናድ አድርጌ ቀኝ ጫፉን ገና እየተነሣ ተውኩት። ጋሼ እንዳሉኝ ሃያ ጊዜ ጀርባዬን አዞርኩ። ከ12ኛው በኋላ ሞገዱን ሙሉውን ይዤ መዞር ጀመርኩ። የፊተኛውን ሞገድ በአንድ ምሽት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መጋረጃ ዘግቼ ሠራሁት። ደብተሩ ግን አጠገቤ ነበር፣ ይህንንም ይወቁልኝ።

ከዚያ አንድ ሳምንት አደረቅሁት። ጨለማዎቹ ቦታዎች ደርቀው ግርጥት ብለው ነበር፤ ዘይታቸው ወደ ታች ሲሰርግ እንዲህ ይሆናል። በጣም ስስ የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀብቼ ትርፉን ጠረግሁ፣ ቀለማቸው ተመለሰ።

ትናንት አረፋውን ሠራሁ። ጥላ ውስጥ ያለ አረፋ ነጭ አይደለም። እዚህ ላይ ፀሐይዋ ከኋላ ስለሆነች አብዛኛው አረፋ ጥላ ነው፦ ኡልትራማሪን፣ ትንሽ በርንት ሲየና፣ ነጭ። ፓሌት ላይ ስታዩት የቆሸሸ ሐምራዊ ግራጫ ይመስላል፣ ብርሃን ከወደቀበት አሸዋም ይጠቁራል። ሸራው ላይ ሲቀመጥ ግን ነጭ ሆኖ ይነበባል። ሞገዱ ፊት ላይ የቀረው አሮጌ አረፋ መረብ ነው። ቀዳዳዎቹ ጠፍጣፋው ውሃ ላይ ወደ ሩቅ ሲሄዱ ይሳሳሉ፣ ሞገዱ ሲነሣ ደግሞ ወደ ላይ ይለጠጣሉ። አረፋውን ሳይሆን ቀዳዳውን ሣሉ፤ መረቡ ራሱ ይመጣል። የማራገቢያ ቅርጽ ያለውን ብሩሽ ለዚህ አትጠቀሙ፣ ሁሉንም አረፋ አንድ ዓይነት ፀጉር ያደርገዋል።

በመጨረሻ ጥቂት ዘይት የገባበት ወፍራም ቲታኒየም ነጭ፣ የሎው ኦከር በጫፍ ተነክቶበት። ፀሐይዋ በቀጥታ የምትነካው አናቱ ላይ ብቻ፣ በስፓቱላ። ቆጠርኩት፦ ዘጠኝ ቦታ። ዐሥረኛውን ላስቀምጥ እጄን አንሥቼ ተውኩት። ዚንክ ነጭ ብዙዎች ይወዱታል፤ ሲያረጅ ስለሚሰባበር እኔ ለወፍራም ቀለም አልነካውም።

ፊርማው ከታች በቀኝ፣ በአሸዋው ቀለም፣ በአማርኛ። ቫርኒሽ እስከ ስድስት ወር አይነካውም። ሲደርቅ ለእናቴ ነው የሚሄደው፣ በተሰነጠቀው ፈንታ።

ጣና_ዳር · በማግስቱ

አሸዋውን አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ።

ሻርጃ_ሌሊት · በማግስቱ ሌሊት

እኔም አንድ ጀምሬአለሁ። 20 በ30፣ በውሃ በሚቀጥነው። ሰማዩና ሩቁ ውሃ ብቻ ነው ገና፣ ፎቶው ይኸው። አብረውኝ የሚኖሩት ሽታውን አልሰሙትም። ጋሼ፣ እባክዎ ይዩልኝ።

ነጩ_ብሩሽ · ከአንድ ሰዓት በኋላ

አየሁት ልጄ። አድማስሽ በቀኝ በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወርዷል፤ ቀለሙ እርጥብ ሳለ ለክተሽ መልሺው። ዳሩ ላይ ያለው አረንጓዴ ትንሽ ኦከር ይፈልጋል። ሰማዩን ግን አትንኪው።